በሰው ፈረስ ላይ የቆመ ኑሮ

በ2025 የአሜሪካን ሦስት ታላላቅ የፈረስ ውድድሮች ያሸነፉት ሁለት ጋላቢዎች ናቸው (ዓመቶቹንም ወራቱንም ቀኖቹንም የምጽፈው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው)። ሁለቱም ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ኬንታኪ ደርቢን ቬንዙዌላዊው ጁኒየር አልቫራዶ ወሰደ። ፕሪክነስን የኔፕልሱ ልጅ ኡምቤርቶ ሪስፖሊ። ቤልሞንትን ደግሞ እንደገና አልቫራዶ።

ነገሩ በአሸናፊዎቹ ብቻ አያበቃም። በደርቢውም በቤልሞንቱም ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የገቡት ያው ሦስት ፈረሶች ናቸው። ሶቨረንቲ፣ ጆርናሊዝም፣ ባኤዛ። ቅደም ተከተላቸው እንኳን አልተለወጠም። ኮርቻው ላይ የነበሩት አንድ ቬንዙዌላዊ፣ አንድ ጣሊያናዊና አንድ ፈረንሳዊ ናቸው። ፈረንሳዊው ፍላቪየን ፕራ ነው። በአሜሪካ ትልቁ የፈረስ ድግስ ላይ ከሦስቱ አንዱም የአሜሪካ ተወላጅ አልነበረም።

የአንድ ዓመት አጋጣሚ ነው እንዳትሉኝ፣ የቅርቦቹን የደርቢ አሸናፊዎች መለስ ብላችሁ ተመልከቱ። ሜክሲኳዊው ማሪዮ ጉቲየሬዝ በ2012 እና በ2016 አሸነፈ። ሌላው ሜክሲኳዊ ቪክቶር ኤስፒኖዛ በ2014 እና በ2015። ቬንዙዌላዊው ሶኒ ሊዮን በ2022፣ የአገሩ ልጅ ሃቪየር ካስቴያኖ በ2023። ሦስት ጊዜ ያሸነፈውን የፖርቶ ሪኮውን ጆን ቬላስኬዝ ያልቆጠርኩት በሕግ አሜሪካዊ ስለሆነ ነው። ቋንቋውና የመጣበት መንገድ ግን የእነዚሁ ነው።

ይህን ሁሉ ዋንጫ ያየ ሰው "ስደተኛው ጋላቢ ተሳክቶለታል" ብሎ ሊያልፍ ይችላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ይህ ስፖርት ያለ እነሱ አንድ ቀን አይውልም። እነሱ ግን በስፖርቱ ውስጥ አጥብቀው የጨበጡት ነገር የለም። ጋላቢ የራሱ የሆነው ኮርቻው፣ የራስ ቁሩ፣ ቦት ጫማውና አለንጋው ነው። ፈረሱ የሰው ነው። ነገ የሚጋልበውን ፈረስ የሚሰጠው አሠልጣኝ በአንድ ስልክ ሐሳቡን ይለውጣል። ስደተኛ ሲሆን ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሚቆይበት ወረቀትም በሰው እጅ ነው።

ከመቶ ዶላር እስከ ሦስት መቶ ሺህ

ከገንዘቡ እንነሳ። አሜሪካ ውስጥ ጋላቢ ደሞዝተኛ አይደለም። በሕግ ዓይን ራሱን ችሎ የሚሠራ ተቋራጭ ነው። አንድ ጊዜ ለጋለበበት የሚከፈለው መነሻ እንደ ትራኩ፣ ማለትም እንደ ውድድር ሜዳው፣ ይለያያል፤ በብዙ ቦታ ከ100 ዶላር ብዙም አይርቅም። ካሸነፈ ለፈረሱ ባለቤት ከሚሰጠው ሽልማት ወደ 10 በመቶ ይደርሰዋል። ሁለተኛና ሦስተኛ ለገባም ትንሽ ድርሻ አለው። ከዚያ በታች የገባ ያችኑ መነሻ ይዞ ወደ ቤቱ ነው።

ከዚህም ላይ ወኪሉ ሩብ ያህሉን ይወስዳል። ኮርቻውን የሚያሰናዳለትና ልብሱን የሚያጥብለት ረዳት 5 በመቶ ገደማ አለው። ግብሩ፣ ጉዞውና የቤት ኪራዩ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

የ2025ቱን ደርቢ ውሰዱ። የአሸናፊው ድርሻ 3.1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የጋላቢው 10 በመቶ 310,000 ዶላር ይሆናል። በተለመደው አሠራር ቢሰላ ከዚህ ውስጥ 77,500ው የወኪል ነው። ለሁለት ደቂቃ ሥራ ብዙ ገንዘብ ነው፣ አልክድም። ግን ሁለቱ ደቂቃ የመጣው ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አብሮ ይቆጠር። አልቫራዶ አሜሪካ የገባው በ2007 ነው። ደርቢውን እስኪያሸንፍ 18 ዓመት ፈጅቶበታል።

ያቺ ቀን ራሷ ለጥቂት ነበር ያላመለጠችው። ከደርቢው ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ፍሎሪዳ ውስጥ ከፈረስ ወድቆ የትከሻው አጥንት ተሰነጠቀ። በዚያው ሳምንት ሶቨረንቲ ፍሎሪዳ ደርቢ በሚባል ሌላ ውድድር ላይ ሊሮጥ ነበር። ኮርቻው ላይ ሌላ ሰው ወጣ። በዚህ ሙያ የተጎዳ ሰው የሚፈራው ሕመሙን ብቻ አይደለም። እሱ አልጋ ላይ ሆኖ ተተኪው ቢያሸንፍ ፈረሱ ላይመለስለት ይችላል። የዚያን ቀን ሶቨረንቲ ሁለተኛ ወጣ። አሠልጣኙ ቢል ሞት ፈረሱን ለአልቫራዶ መልሶ ሰጠው። አንድ አሠልጣኝ ቃሉን ባይጠብቅ ኖሮ የዚህ ሰው ስም ዛሬ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ አይገባም ነበር።

ከድሉ በኋላም ሌላ ሂሳብ መጣ። ከ2022 አጋማሽ ጀምሮ በአብዛኛው አሜሪካ የሚሠራው የእሽቅድድም ደኅንነት ደንብ ጋላቢ ፈረሱን በአለንጋ ከስድስት ጊዜ በላይ እንዳይመታ ያዝዛል። አልቫራዶ በደርቢው ስምንት ጊዜ መትቷል ተባለ። በ180 ቀን ውስጥ ሁለተኛ ጥፋቱ ስለነበር ቅጣቱ በእጥፍ ታሰበ። ዳኞቹ የወሰኑበት 62,000 ዶላርና የሁለት ቀን እገዳ ነው። ከድርሻው አንድ አምስተኛ ማለት ነው።

የደንቡን ሐሳብ ከልቤ እደግፈዋለሁ። ፈረስ ከአቅሙ በላይ መገረፍ የለበትም። የሚከነክነኝ ሸክሙ የወደቀበት ቦታ ነው። ሁለቷ ምት ለድሉ ረድታም ይሁን ሳትረዳ፣ የባለቤቱ 3.1 ሚሊዮን አልተነካም። የተቀጣው ጋላቢው ብቻ ነው። ከፈረሱ ላይ ያለህን ሁሉ አውጣ የሚለውን ግፊት የሚፈጥሩት ግን ባለቤቱም፣ አሠልጣኙም፣ ወራጁም ናቸው።

በጨለማ የሚጀመር ሥራ

ቴሌቪዥን ላይ የምናየው ከሰዓት በኋላውን ነው። ሙያው የሚገኘው ግን ጎህ ሳይቀድ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት አካባቢ ፈረሶቹ ለልምምድ ይወጣሉ። አዲስ የመጣ ጋላቢ በየጋጣው እየዞረ ሰላም ይላል። ፈረስ ሲሰጡት ወጥቶ ያሮጣል። ለዚህ ብዙ ጊዜ አይከፈለውም። ተስፋው ያሮጠውን ፈረስ በውድድሩ ቀን እንዲሰጡት ነው።

ዋናውን ድርድር የሚሠራው ወኪሉ ነው። የመጪ ሩጫዎችን ዝርዝር የያዘች ትንሽ መጽሐፍ በእጁ አለች። ከአሠልጣኝ አሠልጣኝ እየሄደ "ይህችን ሩጫ ማን ይጋልብልሃል?" ይላል። እንግሊዝኛ የማይችል ልጅ አንደበቱ ወኪሉ ነው። ጥሩ ወኪል የገጠመው በሁለት ዓመት ውስጥ ስሙ ይነሳል። መጥፎ የገጠመው ያንኑ ችሎታ ይዞ ትንንሽ ትራኮች ላይ ይቀራል። አንድ ሊቅ ጋላቢና አንድ ማንም የማያውቀው ጋላቢ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ይኸው ይመስለኛል።

ለጀማሪ አንዲት ደጋፊ ነገር አለችው። የተለማማጅ ቅናሽ ይባላል። ፈረሱ ከሌሎቹ ያነሰ ክብደት እንዲሸከም ይፈቀዳል። መጀመሪያ ላይ እስከ 10 ፓውንድ፣ ማለትም 4.5 ኪሎ ገደማ ነው። እያሸነፈ ሲሄድ ይቀንሳል። አሠልጣኞች ያችን ቅናሽ ፈልገው ፈረስ ይሰጡታል። ስልኩ ይጮኻል። ዋንጫ ይመጣል። ከዚያ ጊዜዋ ያልቅና ከእነ ቬላስኬዝ ጋር እኩል ክብደት ይዞ ይቆማል። ብዙ ተስፋ የተጣለባቸው ልጆች የጠፉት እዚች ጋ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብቸኝነት በየአገሩ አንድ ዓይነት ነው። ብራዚላዊው ሲልቬስትሬ ደ ሶዛ በ2004 አየርላንድ ሲገባ እንግሊዝኛ አያውቅም። ታዋቂ አሠልጣኝ ዘንድ ገባ፤ ፈረስ ያለማምዳል እንጂ ውድድር ላይ የሚያስቀምጠው አላገኘም። ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ከታች ጀመረ። በ2015፣ በ2017 እና በ2018 የእንግሊዝ ሻምፒዮን ጋላቢ ሆነ። አየርላንድ ውስጥ ሲያዩት የነበሩት ሰዎች ዓይን አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ዕድል የሚሰጥ አንድ ሰው ነው የጠፋው።

የሶኒ ሊዮን ታሪክ ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳያል። ኦሃዮ ውስጥ ትንንሽ ትራኮች ላይ ይጋልብ ነበር። ፈረሱ ሪች ስትራይክ አንድ ጊዜ በ30,000 ዶላር የተሸጠ ነው። ለደርቢው በተጠባባቂነት ቆይቶ ሌላ ፈረስ ሲወጣ በመጨረሻዋ ቀን ገባ። ማንም አልጠበቀውም። ውርርዱ 80 ለ 1 ነበር። የውድድሩን ቪዲዮ ከላይ የተነሳውን ፈልጋችሁ እዩት። ሊዮን ከኋላ ሆኖ ይጀምራል። መታጠፊያው ላይ በፈረሶቹ መሃል ይሽሎከለካል። አንዱ ደክሞ ከፊቱ ሲቀርበት ፈረሱን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ ያልፈዋል፣ ከዚያ መልሶ ወደ ውስጠኛው አጥር ያስገባዋል። ሁለቱ መሪዎች እርስ በርስ ሲተያዩ በውስጥ በኩል አለፋቸው። ትንሽ ትራክ ላይ፣ ደካማ ፈረስ ይዞ፣ ክፍተት ፈልጎ መግባት የለመደ ሰው እጅ ነው ያ።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ሪች ስትራይክ ሊዮንን የዓለም ሚዲያ ፊት ድረስ አደረሰው። ከዚያ በኋላ የነበረውን ትግል ግን ብቻውን ነው የገጠመው። የትልልቆቹ ጋጣዎች በር በአንድ ደርቢ አይከፈትም።

ያልተከፈለ የትምህርት ቤት ወጪ

ስለ ስደተኛ ጋላቢዎች ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚዘለው ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች አሜሪካ ሲገቡ የተሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። ያሠለጠናቸው ሌላ አገር ነው።

ፓናማን ተመልከቱ። ትንሽ አገር ናት። ፓናማ ሲቲ ውስጥ በፕሬዚደንቴ ሬሞን ትራክ አንድ የጋላቢዎች ትምህርት ቤት አለ። ዛሬ የሚጠራው በላፊት ፒንካይ ስም ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ጋጣ መጥረግ፣ ፈረስ ማጠብና መመገብ ይማራሉ። ኮርቻው በኋላ ነው የሚመጣው። ከዚህች አገር የወጡትን ስሞች መቁጠር ይከብዳል። ብራውሊዮ ባኤዛ በ1963 ደርቢን ሲያሸንፍ የመጀመሪያው የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ነበር። ሃሲንቶ ቫስኬዝ በ1975 እና በ1980 ደገመው። ሉዊስ ሳኤዝ በ2021 እና በ2024 ቤልሞንትን ወሰደ። ፒንካይ ራሱ በ1966 አሜሪካ ገባ። በታኅሣሥ 1999 የቢል ሹሜከርን የ8,833 ድል ክብረ ወሰን ሰበረ። ሲያቆም 9,530 ላይ ደርሶ ነበር።

ቬንዙዌላም እንዲሁ ናት። የካራካሱ ላ ሪንኮናዳ ትራክ በአንድ ወቅት የአህጉሩ ኩራት ነበር። ጋላቢነት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። የአልቫራዶም የካስቴያኖም አባቶች ጋላቢዎች ነበሩ። የአገሪቱ ኢኮኖሚ ሲፈርስ ሽልማቱም አብሮ ረከሰ። ምርጦቹ ወጡ። ትራኩ ባዶውን አልቀረም፣ ግን ሊያቆያቸው የሚችል አቅም አልነበረውም።

ሜክሲኮ ላይ የኤስፒኖዛን ታሪክ አልረሳውም። ከ12 ልጆች 11ኛው ነው። ልጅ ሆኖ ፈረስ ይፈራ ነበር። የጋላቢ ትምህርት ቤት ክፍያውን ለመሸፈን ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ አውቶቡስ ነድቷል። ያ ሹፌር በ2015 አሜሪካን ፋሮ በተባለ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ለ37 ዓመት የጠፋውን የሦስትዮሽ ዘውድ፣ ማለትም ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት የማሸነፍ ክብር፣ መለሰ። ከቤልሞንቱ ያገኘውን ገንዘብ ደግሞ ለካንሰር ሕክምና ማዕከል ሰጠ።

አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ከእነዚህ ጋር የሚወዳደር ትምህርት ቤት አልነበረም። የቀድሞው ጋላቢ ክሪስ ማካረን ኬንታኪ ውስጥ አንድ የከፈተው በ2006 ነው። በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚወራረድበት ስፖርት ለጋላቢዎቹ ትምህርት ያወጣው ይህን ያህል ነው። ወጪውን የፓናማ፣ የካራካስና የሜክሲኮ ሲቲ ቤተሰቦች ከፍለውታል። ምርቱን ግን እንደ ሳራቶጋና ቸርችል ዳውንስ ያሉ የአሜሪካ ትራኮች ይበሉታል። እኔ ይህን እንደ ዕዳ ነው የማየው።

ሰውነት የሚከፍለው

ደርቢ ላይ ፈረስ የሚሸከመው ክብደት 126 ፓውንድ ነው። ወደ 57 ኪሎ። ኮርቻው በውስጡ ነው። ሌሎች ብዙ ሩጫዎች ከዚያ ያነሰ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ጋላቢ ዕድሜውን ሙሉ ከሚዛን ጋር ይኖራል። ላብ ማውጫ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ራሱን ውሃ ይከለክላል። የበላውን የሚያስወጣም አለ፤ በጋላቢዎች ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ማንም እንደ ነውር አልቆጠረውም። እንግሊዝ በ2021 ላብ ማውጫዎቹን ከትራኮቿ ለዘለቄታው አነሳች። ትክክል አደረገች እላለሁ።

ስለ ፒንካይ የሚነገር አንድ ነገር አለ። አውሮፕላን ውስጥ ነው። አስተናጋጇ ኦቾሎኒ ሰጠችው። ከከረጢቱ አንድ ፍሬ አወጣ። ለሁለት ከፈለና ግማሿን በላ። ሌላኛዋን ግማሽ ለኋላ አስቀመጣት። ሰዎች ይህን የሚያወሩት በአድናቆት ነው። እኔ ስሰማው የሚታየኝ ረሃቡ ነው። ሰፊ ደረት ይዞ የተወለደ ሰው ነው። ያን ሰውነት ለ37 ዓመት ያህል ሚዛን ላይ ሲጨምቀው ኖረ። ያስቆመው ግን ረሃቡ አይደለም። በመጋቢት 2003 ሳንታ አኒታ በሚባለው ትራክ ላይ ወድቆ አንገቱ ተሰበረ።

በፈረስ እሽቅድድም ላይ አምቡላንስ ተወዳዳሪዎቹን ከኋላ እየተከተለ ይነዳል። በየሩጫው፣ ሁልጊዜ። ግማሽ ቶን የሚጠጋ እንስሳ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ላዩ ላይ ያለው ሰው በጠባብ እርካብ ላይ በእግሩ ጣቶች ነው የቆመው። ቬንዙዌላዊው ራሞን ዶሚንጌዝ ከ2010 እስከ 2012 ሦስት ዓመት በተከታታይ የአሜሪካ ምርጥ ጋላቢ ተብሏል። በጥር 2013 ወደቀና የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ። በ36 ዓመቱ ሙያው አከተመ። በኋላ ፈረሱን የማይጎዳ ለስላሳ አለንጋ ሠራ፤ ዛሬ ብዙ ጋላቢዎች ይይዙታል። ፓናማዊው ሬኔ ዳግላስ ቤልሞንትን ያሸነፈ ሰው ነው። በ2009 ቺካጎ አቅራቢያ ወድቆ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ።

ሉዊስ ሳኤዝን ቤልሞንት ላይ ሲያሸንፍ ያየ ሰው ታናሽ ወንድሙን ላያውቀው ይችላል። ሁዋን ሳኤዝ ይባል ነበር። እሱም ከፓናማ መጣ። እሱም ይጋልብ ነበር፣ ያውም ድንቅ። በጥቅምት 2014 ኢንዲያና ውስጥ በውድድር ላይ ወድቆ ሞተ። 17 ዓመቱ ነበር። ታላቅ ወንድሙ እስከ ዛሬ በዚያው ሥራ ላይ ነው።

የአደጋ ሕክምና ወጪን የሚሸፍን መድን በትራኮቹ በኩል አለ። ግን ለሥራ ጉዳት ካሳ የሚከፍል ሥርዓት ለጋላቢዎች የዘረጉት ግዛቶች ጥቂት ናቸው። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በሌላው ቦታ ወድቆ ያልተነሳ ጋላቢ የሚያየው በ2006 ወደተቋቋመው የአካል ጉዳተኛ ጋላቢዎች ፈንድ ነው። ፈንዱ የሚኖረው በመዋጮ ነው። የስፖርቱን ያህል ሀብት ያለው ዘርፍ ሽባ የሆነ ሠራተኛውን በመዋጮ ማኖሩ ያሳፍራል። ቤተሰቡ ሌላ አገር የሆነ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። የሚያስታምመው ዘመድ ለመምጣት ራሱ ቪዛ ይፈልጋል።

ከዚህም የሄዱ ነበሩ

አሜሪካ ጋላቢ ከውጭ የምታስመጣ አገር ብቻ አልነበረችም። በ1875 በመጀመሪያው ኬንታኪ ደርቢ ከተወዳደሩት 15 ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ያሸነፈውም ከእነሱ አንዱ፣ ኦሊቨር ሉዊስ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 28 ደርቢዎች 15ቱን ያሸነፉት ጥቁር ጋላቢዎች ናቸው። ከዚያ የዘር መድልዎው በረታ። ነጭ ጋላቢዎች በሩጫ ላይ ሆን ብለው ወደ አጥር ይገፏቸው ጀመር። ባለቤቶች ፈረስ ከለከሏቸው።

ጂሚ ዊንክፊልድ በ1901 እና በ1902 ደርቢን አከታትሎ አሸነፈ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ሩሲያ ሄደ። እዚያ ትልቅ ስም አገኘ፣ የዛሩን አገር ታላላቅ ውድድሮች አሸነፈ። አብዮቱ ሲመጣ በ1919 ከኦዴሳ ከሌሎች ፈረሰኞች ጋር ከ200 በላይ ፈረሶች እየነዳ እስከ ፖላንድ ሸሸ። ከዚያ ፈረንሳይ ገባ፣ ጋለበ፣ አሠለጠነ። በ1961 ለክብር እራት ወደ ሉዊቪል ተጠራ። ሁለት ጊዜ ደርቢ ያሸነፈባት ከተማ ናት። የሆቴሉ ዘበኛ በፊት በር አትገባም አለው።

የእሱን ታሪክ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ስፖርት ኮርቻውን የሚሰጠው በዘመኑ ርካሽና ደፋር ሆኖ ላገኘው ሰው ነው። ትናንት የባሪያ ልጆች ነበሩ። ዛሬ የቬንዙዌላዋ ባርኪሲሜቶና የሜክሲኮዋ ቬራክሩዝ ልጆች ናቸው። የተሰጠው ሁሉ ሊነጠቅ እንደሚችል የዊንክፊልድ ዘመን አሳይቷል።

ሌሎች አገሮች በራቸውን በሌላ መንገድ ይጠብቃሉ። ጃፓን በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁለት የውጭ ጋላቢዎች ቋሚ ፈቃድ ሰጠች። ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ለሜርና ጣሊያናዊው ሚርኮ ዴሙሮ ናቸው። በፈተናው ጃፓንኛ መናገር ነበረባቸው። ለሜር ሥራውን ሊጀምር ሲል ጋላቢዎች ከውድድር በፊት ተለይተው በሚያድሩበት ቤት ስልክ ተጠቅሟል ተብሎ 30 ቀን ታገደ። ሕጉ ጥብቅ ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ በአንድ ቀን ስምንት ሩጫ ያሸነፈው ብራዚላዊው ዣዎ ሞሬይራ በ2018 ያንን ፈተና ተፈትኖ ወደቀ። የጃፓን መንገድ ከባድ ነው፣ ግን ቢያንስ ግልጽ ነው። ካለፍክ ፈቃዱ የራስህ ነው።

ወረቀቱ

አሜሪካ ውስጥ ጋላቢ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ፒ-1 በሚባለው የስፖርተኞች ቪዛ ነው። ማመልከቻውን ራሱ አያስገባም። አሜሪካ ያለ ቀጣሪ ወይም ወኪል ያስገባለታል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ መሆኑን ማስረዳት አለበት። እስከ አምስት ዓመት ይሰጣል፣ ይታደሳል። ለካስቴያኖ ዓይነት ሰው ይህ አይከብድም። ለ18 ዓመት ልጅ ግን ዕንቆቅልሽ ነው። ለመታወቅ መምጣት አለበት፣ ለመምጣት ደግሞ መታወቅ።

ከጋላቢው ኋላ ሌላ ሕዝብ አለ። ፈረሱን የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ እግሩን በፋሻ የሚጠቀልለው፣ ከሩጫ በኋላ ላቡ እስኪደርቅ የሚያንሸራሽረው። አብዛኛው ከሜክሲኮና ከጓቲማላ የመጣ ነው። ወረቀት ካለው ብዙ ጊዜ ኤች-2ቢ የሚባለው ጊዜያዊ የሠራተኛ ቪዛ ነው። ለመላው አሜሪካ፣ ለሆቴሉም ለአትክልት ሥራውም ጭምር፣ በሕግ የተመደበው ቁጥር በዓመት 66,000 ነው። ፈቃዱም የታሰረው ከቀጣሪው ጋር ነው። ከጋላቢዎቹ ስንቱ ሥራውን የጀመረው በዚህ ጋጣ ውስጥ መሰላችሁ? ጋላቢው ጠዋት ሲመጣ በቋንቋው "እንዴት አደርክ" የሚለውም፣ ፈረሱ ዛሬ ቀኝ እግሩን ትንሽ ያመዋል ብሎ የሚያስጠነቅቀውም ይኸው ሰው ነው።

የ2025ን ሰኔ በቀናት ላሳያችሁ። ሰኔ 4 የአሜሪካ ፕሬዚደንት ቬንዙዌላን ጨምሮ የበርካታ አገሮችን ዜጎች የሚገድብ ትእዛዝ ፈረሙ። ለቬንዙዌላውያን የጉብኝትና የተማሪ ቪዛ ተዘጋ። የሌሎች ቪዛዎችም የአገልግሎት ጊዜ እንዲያጥር ታዘዘ። ተፈጻሚ የሚሆነው ከሰኔ 9 ጀምሮ ነበር። በሁለቱ ቀኖች መሃል፣ ሰኔ 7፣ ሳራቶጋ ላይ ቬንዙዌላዊው አልቫራዶ ሶቨረንቲን እየጋለበ ቤልሞንትን አሸነፈ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ።

ከአሥር ቀን በኋላ፣ ሰኔ 17፣ ሉዊዚያና ውስጥ ቪንተን አጠገብ ወደሚገኘው ዴልታ ዳውንስ ትራክ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ገቡ። ዴልታ ዳውንስ ትልቅ ስም የለውም። ወጣት ጋላቢ ስሙን ለማስጠራት የሚጀምርበት ዓይነት ቦታ ነው። ከጋጣዎቹ አካባቢ 84 ሰዎች ተይዘው ተወሰዱ። ፈረሶቹ በየጋጣቸው ቀሩ። ውሃቸውን የሚቀዳ፣ ገለባቸውን የሚቀይር፣ አውጥቶ የሚያንሸራሽራቸው ሰው በዚያ ቀን ከየት እንደሚመጣ አሠልጣኞቹ እርስ በርስ ይደዋወሉ ነበር።